የትም ሳይሄድ «በየት በኩል ገባ?» የተባለው መኪና

ለውድ እህቴ ለየብርጓል፤ ጅማ

የከረመ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ አካለ ወልድስ የደም ብዛት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል? ይታያልና እየሩስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ታላቃችን እታለም አሰገደችም አለች፤ እግሯ ነው እንጂ አንደበቷስ አንድም ቀን አልታመመም።

ባለፈው በስልክ «እታለም ሕክምናዋን ለምን አቋረጠች?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መልስ ሳልሰጥሽ የዘጋሁት መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። ተናድጄ ነበር። የተናደደ ሰው ነገር ያዘበራርቃል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ነገር እንዳያዘበራርቅ ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ። አሁን በርዶልኝ ከሥሩ ጀምሬ እጽፍልሻለሁ። በረደልኝ ማለቴ ብዕር መያዝ ቻልሁ ለማለት ነው፤ ንዴቱስ እንዳለ ነው።

እንደምታውቂው እታለም ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ከገባላት ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም። ሆስፒታል ያለችው እግር የምታፍታታ ባለሙያ «በየሳምንቱ እየመጡ ካልተንቀሳቀሱ እንዲህ እንደ ደረቀ ይቀራል» ብላናለች። ጭንቁ እዚያ መድረሱ ነበር። ባጃጅ ውስጥ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ አትችልም። የሚኒባስ ረዳት ገና ከሩቅ ሲያያት «ሞልቷል» ይላል። ጋሪ ላይ አንድ ጊዜ አውጥተናት መንገጫገጩ አሳምሟት አደረ። የሰፈር ወንዶች በቃሬዛ እንሸከማት ቢሉ «በቃሬዛ ከዚህ ግቢ የምወጣው ስሞት ነው» ብላ መለሰቻቸው።

መኪናውን የሠራነው ለዚህ ነው። የጎረቤታችን የወለተ ሐዋርያት ልጅ ምናለ ጋሪ ሠሪ መሆኑን ታስታውሻለሽ። የእኛ አገር ጋሪ ከምን እንደሚሠራም ታውቂያለሽ፤ ጎማውም አክሰሉም ከተጣለ መኪና የተፈታ ነው። ከመኪና ጋሪ ሲያወጣ የኖረ ሰው ከጋሪ ብረት መኪና ማውጣት አያቅተውም ብዬ አማከርሁት። ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤ ያኔ ነገሩ እንደ ገባው አወቅሁ። ወይዘሮ ዘሪቱ ግቢ ዶሮ ሲፈለፈልበት የኖረ አሮጌ ፔጆ ነበር፤ አካሉን ዝገት ጨርሶታል። ከእሱ ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ መሪውንና ጎማዎቹን ወሰድን። ሻንሲውን ምናለ ከወፍራም ብረት በየደ፤ ላሜራ አለበስነው። የኋላ በሩ ወደ ታች ሲከፈት መወጣጫ ስለሚሆን እታለም ከተሽከርካሪ ወንበሯ ሳትነሣ ትገባለች። እኔ እያንዳንዱን ልክ በወረቀት እየነደፍሁ፣ ምናለ «መምህር፣ ብረት እንደ እርሳስ በላጲስ አይጠፋም» እያለ እየተነጫነጨ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ሲያልቅ እታለም ዙሪያውን አይታ «መልኩ በቅሎ ይመስላል፤ ግድ የለም፣ በቅሎም ታደርሳለች» አለች።

ታርጋና ቦሎ ሳይኖረው አንድ ስንዝር እንዳይነዳ ብዬ በአይሱዙ አስጭኜ ወደ ተሽከርካሪ ምርመራ ወሰድሁት። መርማሪው እንዳላማው የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ከሥር ገብቶ ብየዳውን በመዶሻ እየመታ አዳመጠ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ፈተነ፣ መሪውን፣ መብራቱን፣ መስተዋቱን አየ። ወጥቶ እጁን እየጠረገ «እውነቱን ልንገርዎ መምህር፣ በዚህ በር ከሚያልፉት የብዙዎቹ ፍሬን እንዲህ አይዝም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተቀምጦ ቅጽ መሙላት ጀመረ። የተሠራበት አገር አለኝ፤ ደብረ ማርቆስ አልሁት። አገር ነው የሚለው አለኝ፤ ኢትዮጵያ አልሁት። ብዕሩን ቀጥ አደረገና «በየት በኩል ገባ?» አለኝ። «በወይዘሮ ዘሪቱ የኋላ በር» አልሁት። «የጉምሩክ ወረቀቱን ማለቴ ነው» አለኝ።

እስቲ አስቢው የብርጓል፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገን ሰው ቪዛህ የታለ እንደ ማለት ነው። ፍሬኑ አይይዝም ቢሉኝ አስተካክዬ እመለስ ነበር። የተሳሳተ ሰው እርማት ይሰጠዋል። ለእኔ የተሰጠኝ መልስ ግን «ትክክል ነው፤ ነገር ግን የለም» የሚል ነው።

ወረቀቱን ይሰጣሉ ወደተባሉት ሰዎች ሄድሁ። እዚያ የተቀመጠው ሰው መነጽሩን አውልቆ «እኛ የምንሰጠው ለገባ ነው፤ ይሄ መቼ ገባ?» አለኝ። «መቼ ወጣና!» ስለው፣ «እንግዲያስ መተማ ድረስ ጭነው ያውጡትና መልሰው ያስገቡት» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

ተመልሼ የምርመራውን ቢሮ ኃላፊ አነጋገርሁ። እሱም ጨዋ ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። «መምህር፣ ለምን ይደክማሉ? ሞተሩን ያውጡት። ሞተር ከሌለው ጋሪ ነው፤ ጋሪ ደግሞ እኛን አይመለከትም» አለኝ። የተመረመረ ፍሬን ያለው መኪና ከተከለከለ፣ ጨርሶ ፍሬን የሌለው ጋሪ በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ሰው ጭኖ ሲወርድ ማንን ነው የሚመለከተው ብዬ ጠየቅሁት። ሻይ ልጋብዝዎ አለኝ። ሻዩን አልጠጣሁም። ቤት ገብቼ ለእታለም ብነግራት «ፈረሱስ ሊብሬ አለው ወይ?» አለችኝ።

እስከዚያ መኪና ያለው ሰው እየለመንሁ አልፎ አልፎ ሆስፒታል አደርሳት ነበር፤ በዚህ ምልልስ ስጠመድ ግን ሕክምናው ጭራሹን ተቋረጠ። አንድ ቀን ጠዋት እግሯን ላነሣላት ብሞክር እንደ ሞፈር ግትር ብሎ ቀረ። ጩኸቷን ዋጠችው፤ ፊቷን ግን አየሁት። ምናለ «በጓሮ በጓሮ እንንዳው፤ ማን ያየናል» አለ። ተማሪን አትኮርጅ ስል የኖርሁ ሰው በስተርጅናዬ ይህን አላደርግም አልሁት። እግሯም እስኪደርቅ አልጠብቅም። ስለዚህ ያንን ደኅና ሞተር አስወጣሁት።

የጋሪ ፈረስ አስጠምደን ስንወጣ ሰፈሩ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆመ። አንዱ «መምህር፣ ነዳጁ ገብስ ሆነ?» ሲል እታለም ጃንጥላዋን አውጥታ ልትመታው ቃጣች። ሜዳውን ደኅና ሄድን። ከሆስፒታሉ በታች ያለው ዳገት ላይ ግን ብረቱ ፈረሱን ከበደው፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። ቀጥ አለ። ሰው ሮጦ መጥቶ ይገፋ ጀመር፤ ከገፊዎቹ አንዱ ለምሳ የወጣው እንዳላማው ነበር። እታለም በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ ልጅ፣ በየት እንደ ገባ ሳታጣራ ትገፋለህ?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ዳገቱ እስኪያልቅም ትከሻውን ከብረቱ ላይ አላነሣም። ስንደርስ ቀስ ብሎ «ፍሬኑ ጥሩ ነው ብዬ ጽፌ ነበር መምህር፤ የጻፍሁት የሚገባበት ቦታ ነው ያጣሁ» አለኝ።

እሱን አልተቀየምሁትም። የሚያናድደኝ አንድም ክፉ ሰው ሳላገኝ ይህ ሁሉ መሆኑ ነው። ክፉ ሰው ባገኝ ተጣልቼ እገላገል ነበር። ሁሉም ብድግ ይልልኛል፣ ሁሉም መምህር ይለኛል፣ ፈረሱን ግን ዳገቱ ያቅተዋል።

አሁን በየሳምንቱ በፈረስ እንመላለሳለን፤ ዳገቱ ሥር የሚገፋ ሰው አይጠፋም። እግሯ ትንሽ በትንሽ መታጠፍ ጀምሯል፤ ባለሙያዋም እስከ መስከረም ባጃጅ ውስጥ ትቀመጣለች ትላለች። ሞተሩን ሳሎን አስቀምጬ ዘይት እቀባዋለሁ። ሰዎች «እህትህ ከዳነች ከእንግዲህ ታርጋው ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። ነገ የሌላ ሰው እህት ትሰበራለች እላቸዋለሁ፤ አቤቱታዬንም ለበላይ አካል ጽፌአለሁ። እታለም አቤቱታውን አስነብባኝ ስትሰማ ቆየችና «ይሄ በጣም ትሑት ነው፤ አይሆንም። እግሬ ሲታዘዝልኝ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ቢሮ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልቀሰቅሳት ተነሥታ አልጋዋን ይዛ ትቆማለች።

አካለ ወልድን ጨው እንዲቀንስ ንገሪልኝ፤ ሰላምታዬንም አቅርቢልኝ። ይታያልን ጎበዝ በይልኝ። እየሩስን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የእጅ ጽሕፈቷን ታሻሽል። ወለተ ሐዋርያትና ምናለ ሰላም ብለውሻል። እታለም ደግሞ የጅማ ማር እንዳትረሺ ብላለች።

አክባሪ ወንድምሽ
ገብረ ኪዳን
ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.