ደባርቅ ዳባትን ያበላች ዕለት

ደባርቅ፣ ግንቦት 18 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? የጎንደር ሙቀትስ፣ ትምህርቱስ፣ የማሠልጠኛው ሽሮስ እንዴት ይዞሻል? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከሆድ ሕመም በቀር ደኅና ነን። የታመምኩት እኔ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከእሑድ ወዲህ ግማሹ ደባርቅ ሆዱን ይዞ ነው የሚሄደው። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ፌጦ በላይ በላዩ ታጠጣኛለች፤ እኔም ይህን የምጽፈው አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር አንዴ እየተነሣሁ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ዋናውን ነገር ላንሣ። ባለ ወፍጮው አቶ ስማቸው ለልጁ ለሻረው አንቺን ጠይቆ ሽማግሌ እንደ ላከብኝ ጽፌልሽ ነበር። አንቺም በመልስሽ «ትምህርቴን ልጨርስ» አልሽና ስለ አየሩ ጻፍሽ፣ ስለ ፈተና ጻፍሽ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ስለ አየሩ ጻፍሽ። ልጄ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ ከውስጥ ሲታጠፍ አውቃለሁ። ቢሆንም ለሽማግሌዎቹ ሰኞ ቁርጡን እነግራችኋለሁ ብዬ ስለ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደ እሺታው አዘንብሎ ነበር። ሰው በወፍጮው ተታሎ ነው ይላል። በወፍጮው አይደለም። ሻረው የቡድናችን አጥቂ ነው፤ በግራም በቀኝም ይመታል። እኔ ደግሞ የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ የዳባት ቡድን ለጎረቤታሞች ዋንጫ ወደ እኛ ሊመጣ ነበር። ዓምና እነሱ ዘንድ ሄደን አራት ለባዶ ተቀጥተን፣ በጭነት መኪና ተጭነን እንደተመለስን ታስታውሻለሽ። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም አሠልጣኛችን አቶ ይግዛው ኮሚቴውን በረንዳዬ ላይ ሰበሰበን። ይግዛው የድሮ ወታደር ስለሆነ ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። የዳባት ልጆች ሲሮጡ አይደረስባቸውም፣ ስለዚህ ከመሮጣቸው በፊት ሆዳቸውን ነው የምንይዘው አለን። ከቅዳሴ መልስ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ እንግዳ ቤቱ ይወስዳል፤ እንግዳው ከመቀመጫው መነሣት እስኪያቅተው ይበላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ይጀመራል። ወሩ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም ነው ብለው እንኳ አያመልጡም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩ አሻጥር እንዳይባል ፈራ። ይግዛውም «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰፊውን ሕዝብ ማብላት ከመቼ ወዲህ ነው አሻጥር የሆነው?» ብሎ ጠየቀው። እሱም እጁን አወጣና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

እኔ ተጫዋች ልጅ ባይኖረኝም በሊቀመንበርነቴ በረኛቸውን ወሰድኩ። በረኛ ከጠገበ አይዘልም ብዬ ነው፤ ሐሳቡ የራሴ ነበር፣ ኮርቼበትም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ረሳን። ስንት ሽበት ያለው ሰው ተሰብስቦ፣ እንግዳ ብቻውን እንደማይበላ አንድ ሰው አላሰበም! ቤትሽ የገባን ሰው አንቺ እጅሽን ሰብስበሽ እሱን ብላ፣ ብላ ልትዪው አትችዪም። አብረሽው ትበያለሽ። አጉርሰሽው ዝም አይልሽም፣ መልሶ ያጎርስሻል፤ እምቢ ካልሽ ደግሞ ነውሩ ያንቺ ነው። የዳባት ልጆች ደግሞ ጨዋ ናቸው። ለአንድ ጉርሻ ሁለት የሚመልሱ ናቸው።

የእኛ እንግዳ ደምለው ይባላል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዳባት ላይ አስተማሪ የሆነ ልጅ ነው፤ ዓምና የተመረቀው አንቺ ካለሽበት ማሠልጠኛ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ታውቂው እንደሆነ እንጃ። ልጄን ታውቃታለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ በዓይን አውቃታለሁ አለና የዶሮውን እንቁላል እንዳለ ዋጠው።

ሊበላ ሲቀርብ ኮቱን አወለቀ። ከውስጥ የጨዋታ ማሊያውን ለብሷል፤ ጀርባው ላይ አንድ ቁጥር በነጭ ጨርቅ ተቆርጦ ተሰፍቶበታል። የሥራ ነገር ሆኖብኝ ዓይኔ ስፌቱ ላይ ሄደ። ጠርዙ ጥቅጥቅ ብሎ ተዘምዝሟል፤ ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ክሩ ተመልሶ ተደርቧል፤ ቋጠሮው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ አይታይም። እንዲህ ያለ አያያዝ እኔ በረንዳዬ ላይ ለብዙ ሰው አሳይቻለሁ፤ ትዕግሥት ኖሯት የያዘችልኝ ግን አንዲት ብቻ ናት። ማን ሰፋልህ አልኩት። ጎንደር ነው የተሰፋው አለኝና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ጎንደር ጎበዝ ሰፊ አለ ማለት ነው ብዬ ነገሩን በዚያው ተውኩት።

ግን ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አልጽፍልሽም። ንዴቴን ሁሉ በጉርሻ ተወጣሁት። ጡጫ የሚያህል እየጠቀለልኩ «በሞቴ!» ስለው ይጎርሳል። «በእሷ ሞት!» ብዬ ወደ እናትሽ ሳመለክት ይጎርሳል። «በልጄ ሞት!» ያልኩት ጊዜ ግን ሳያላምጥ ዋጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ወጡ ይልክና፣ አባቴ እርስዎም ይጉረሱልኝ ይለኛል። እንዴት እምቢ ልበል? ጎረስኩ። እሱም ጎረሰ፣ እኔም ጎረስኩ፤ ላቡ በእሱም ግንባር በእኔም ግንባር ይወርዳል። ሁለት በሬ ቀንዱን ገጥሞ እንደቆመ ነው የነበርነው።

እናትሽ ደግሞ አንድ ጉድ ሠራችኝ። የዶሮው ፈረሰኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእኔ እንደነበረ ታውቂያለሽ። አንሥታ በእሱ ፊት አኖረችው! ምነው ብዬ ባያት ጠላ የምትቀዳ መስላ ዞር አለች። ከዚያ በኋላ፣ በዚህ ቤት ነገር የማይነገረው ለእኔ ብቻ ነው እንዴ እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳ ወጣን። ወጣን ስልሽ ተደጋግፈን ነው። መጀመሪያ ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ስለ ስፖርትና ስለ አብዮቱ ንግግር አደረገ። ተጫዋቾቹ ቁጭ ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ ተነሡ ሲባሉ ስምንቱን ሕዝቡ ነው እጃቸውን ይዞ ያስነሣቸው። አራት ከዳባት፣ አራት ከእኛ። ይግዛው ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያሻሽ ጀመር።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ሜዳችን ወደ ዛሪማ ቆላ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ኳሷ ወደ ታች ስትወርድ ሃያ ሁለቱም በዓይናቸው ይሸኟታል፤ የሚከተላት የለም። ዳኛው ብቻውን ይሮጣል፣ ምሳ የጋበዘው አልነበረማ። እመቤቶቹ ደግሞ ዳር ቆመው ኳሱን ትተው እንግዶቻቸውን ነው የሚያዩት። የሺወርቅ የእኔው ጨርሶ ቆሟል ብላ ስትኩራራ፣ በለጠች የእኔውማ ተኝቷል ብላ ትመልስላታለች። የበለጠች እንግዳ እውነትም ተኝቶ ነበር።

ያርጋልን ታውቂው የለ፣ ቡይት ራስ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራውን። ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል የሚውል ልጅ ነው። ተከላካያችን እሱ ነው። ጉሙ ከወደ ቡይት ራስ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍነው፣ የሚያየኝ የለም ብሎ ጎላችን አፍ ላይ በጎኑ ጋደም አለ። ኳሷ ከወዴት እንደመጣች ማንም አላየም፤ መቀመጫውን መታችና ተንከባልላ ገባች። ጉሙ ሲገለጥ ዳባት አንድ፣ ደባርቅ ባዶ። ያርጋል እንደተኛ ነው።

ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሻረው ኳሷን አስቀመጠ። እኔማ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ሻረው ቢያገባ ለደባርቅ ደስታ ነው፤ ሰኞ ለሽማግሌዎቹ የምሰጠውም መልስ ይቀላል። ደምለው መስመሩ ላይ ቆሟል። እጁን አልዘረጋም፣ ጉልበቱን አላጠፈም፤ እንዲያው ቆሟል። ሻረው ከሩቅ ተንደርድሮ፣ መሐል ላይ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እንደገና ተንደርድሮ መታት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ የደምለውን ሆድ አገኘች። ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ ይላሉ። ነጥራ ተመልሳ ሻረውን አልፋ ሄደች። ተሸነፍን።

አሁን የምጽፍልሽን በደንብ አንብቢ። ሻረው በቀጥታ ወደ እኔ መጣና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሳትኩት ልብሱ ጠቦኝ ነው፣ የሰፋው ሰው ሲለካኝ አንቀላፍቶ ነበር አለ። ማሊያውን የሰፋሁት እኔ መሆኔን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ቅዳሜ ለብሶት ልኩ ነበር፤ የጠበበው ከእሑድ ምሳ በኋላ ነው። ቀጠለና ያርጋልን በተኛበት ሰደበው።

ወዲያ ማዶ ደግሞ የዳባት ሰዎች ደምለውን ሊሸከሙት ሞክረው ከብዷቸው አስቀመጡት። እንዴት አወቅህበት፣ እንዴት ሳትነቃነቅ ጠበቅሃት እያሉ ያወድሱታል። እሱ ግን ልዘልማ አስቤ ነበር፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ እንጂ አላቸው። ኳሷን የመለሰው የእማማ ሸጊቱ ወጥ ነው አለ፤ እናትሽን ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የእኛም ሰው ሳይቀር። ከዚያ ዋንጫውን ይዞ መጥቶ፣ ዝቅ ብሎ ለእናትሽ አስያዛት። እናትሽም የሊቀመንበር ሚስት መሆኗን ረስታ ለጠላት ቡድን እልል አለች! እኔስ ብትዪ፣ ንዴቴ ሁሉ እዚያው ወጣልኝ። የሚወደስበትን ነገር ሠራሁት ማለት እየቻለ፣ መነቃነቅ አቅቶኝ ነው ያለ ሰው በዕድሜዬ ገና ማየቴ ነው። ደስ አለኝ፣ ልጄ። ተሸንፌ ደስ አለኝ።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ መጡ። ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ፣ ስትጨርስም የራሷ ሐሳብ ይኖራታል አልኳቸው። ለሻረውም ልብሱ ከጠበበው ሌላ ሰፊ ይፈልግ ብላችሁ ንገሩልኝ ብዬ ሸኘኋቸው። አቶ ስማቸው ተቀይሟል፤ ዛሬ እናትሽ ገብስ ይዛ ወፍጮ ቤት ብትሄድ ተራዋን ከጎህ እስከ ቀትር አሳልፈውባታል። ኮሚቴውም ከሊቀመንበርነት ሊያወርደኝ እየተማከረ ነው። ያውርደኝ።

አንድ ነገር ግን እሑድ ማታ ከነከነኝ። እኔ ራሴን የምቆጥረው እንደ ገራም አባት ነበር። ነገር እስክትደብቁኝ ድረስ እንደምትፈሩኝ አላውቅም ነበር፤ ሳውቅም ከፋኝ። ሌላ አልልም።

ፈተናሽን በርትተሽ ተፈተኚ። እናትሽ ቅቤና በሶ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ልካልሻለች፤ ለክፍል ጓደኞችሽም አካፍዪ። ትምህርት ሲዘጋ እንደ ሁልጊዜው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የምትመጪው። ዳባት ላይ መቆሙ አይቀርም። ወርደሽ ሳለ መኪናው ቢያመልጥሽና በከሰዓቱ ብትመጪ፣ ለምን ዘገየሽ ብዬ አልጠይቅሽም።

የሰሜን ተራራ ሁሉ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ በሰላም ገብተሽ ለመሳም ያብቃን።

ወላጅ አባትሽ