ከብልቃጡ ያወጣኋቸው ክኒኖች

ጥቅምት 4
ልብስ አጠብኩ። ምሳ ሠራሁ። ነገ የእማዬ ቀጠሮ ነው።
አባዬ ሹፌር ነው። ኤች አይ ቪ እንዳለበት ካወቀ ሦስት ወሩ፤ መድኃኒት ጀምሯል። እማዬ ነፃ ናት። እንዳይዛት በየቀኑ አንድ ክኒን ትውጣለች... ማለቴ፣ መዋጥ አለባት። ስትጠጣ ትረሳለች።
ብልቃጡን ገልብጬ ቆጠርኩ። ባዶ መሆን ሲገባው አስራ አንድ ቀርቷል። ባለፈው ጤና ጣቢያ ነርሷ በተረፈው ክኒን ስትቆጣት መንገድ ሙሉ ስታለቅስ ነው የመጣችው። ዘጠኙን አውጥቼ ሽንት ቤት ጣልኳቸው። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 5
ነርሷ ወፍራም ናት፣ ሰውን ሁሉ «የኔ እናት» ትላለች። ቆጠረች።
«ሁለት ብቻ! ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው እንጂ!»
እማዬ ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ።
ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣች። ከዚህ ወር ጀምሮ ሁሉም ሰው ስለ መጠጥ ይጠየቃል።
«በሳምንት ስንት ቀን ትጠጫለሽ፣ የኔ እናት?»
«እኔ? ሽታው ራሱ ያመኛል!»
«ብትጠጪም መድኃኒቱን አንከለክልሽም። የሚያግዝሽ ሰው እዚሁ አለ።»
«ኧረ ልጄ ትሙት!»
ልጇ እኔ ነኝ። አጠገቧ ተቀምጫለሁ።
ነርሷ አየችኝ። መሬት መሬት አየሁ። «ትጠጣለች» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር... ለምን አልወጣም?

ጥቅምት 18
አባዬ ከመንገድ መጣ። ሁለት ቀን ያድራል።
«ቫይረሱ ገና ደሜ ውስጥ አልቀነሰም ብለውኛል። እናትሽ ትውጣለች አይደል?»
«አዎ አባዬ።»
እማዬ ከነጫማዋ ተኝታለች። ስቀሰቅሳት «ነገ ሁለት እውጣለሁ፣ አትነዝንዢኝ» አለች።

ኅዳር 4
አስራ አራት ቀርቷል። አልነካሁትም።

ኅዳር 5
ነርሷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
«ምነው? ባለፈው ሁለት ብቻ አልነበር?»
«የባለፈውን ዘጠኝ እኔ ነኝ የጣልኳቸው» አልኩ። አልተሰማም። ደግሜ አልኩ።
እማዬ ዞራ አየችኝ። የምትመታኝ መሰለኝ።
«እኔኮ እውነት መስሎኝ ነበር» አለች። «ሁለት ቀን ብቻ የረሳሁ...»
ለካ እሷንም አታልያታለሁ። ያን ሁሉ ጠጥታ ስንቱን ቀን ታስታውስ? የነገራት ሰው የለ።
ደም ተወሰደ። ሃያ ደቂቃ። ሌላ ምርመራ ተጨመረ። ነርሷ በሩን ዘጋች። «የኔ እናት...» አለች።
ይዟታል።
መቼ? በጣልኳቸው ወር? ከዚያ በኋላ? «ይሄ አይታወቅም» አለች ነርሷ። ለዘላለም አይታወቅም?

ኅዳር 6
ምንም።

ኅዳር 13
እማዬ የራሷን መድኃኒት ከጀመረች ሳምንቷ። ዛሬ የመጠጥ አማካሪው ጋ ገባች። ከነርሷ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ውጪ ጠበቅኩ። ስትወጣ «እውነቱን ነገርኩት» አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኩም።
ቤት ገብተን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጠርሙሷን አወጣች። ግን መጀመሪያ ክኒኗን በውሃ ዋጠች።
«ምን ታፈጥጫለሽ? መተው ቢያቅትሽ እንኳ ከመጠጡ በፊት ዋጪ ብሎኛል።»
ከዚያ ቀዳች።
ምክሩ ይሄው ነው። ወር ሙሉ ይሄ ምክር ከነርሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር።