ለእኔ ብላችሁ የፈጠናችሁ ጊዜ

ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? እጅሽስ እንዴት ሆነልሽ? «ደህና ነኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ቤትሽ ቢቃጠል እንኳ «ትንሽ ሞቅ ብሎናል» የምትዪ ሰው ነሽ። ስለዚህ ወጉ እንዳይቀር ጠየቅሁ እንጂ መልሱን ካንቺ አልጠብቅም። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ የቀረውን ደግሞ ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

አንድ ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን አታስጨርሺኝም። ወይ «መጀመሪያ ብዪ» ብለሽ ሳህን ታቀርቢያለሽ፣ ወይ ጸጉርሽን ምን አደረግሽው ብለሽ ማበጠሪያ ይዘሽ ትመጪያለሽ፤ እኔም ነገሬን በሆዴ እንደያዝኩ ወደ ዶርሜ እመለሳለሁ። ደብዳቤን ማቋረጥ አትችዪም። ብትቀዳድጂውም መጀመሪያ አንብበሽ ነው። ተቀይሜሻለሁ፣ እትዬ፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገርሽ።

አንቺ የምታውቂው ግማሹን ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጀምር። ኮሌጃችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ፋብሪካ እየላከ እውነተኛ ችግር ፈልጋችሁ ፍቱ ይለናል። ፋብሪካው በሩን ይከፍታል፣ ተማሪው ያጠናል፣ ጥናቱ መመረቂያ ይሆናል፣ መፍትሔውን ደግሞ ፋብሪካው ይወስዳል። የደረሰኝ አንቺ የምትሠሪበት ብስኩት ፋብሪካ መሆኑን ስሰማ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የማሸጊያ ክፍሉ ሥራ ለምን እንደሚጓተት አጥኚ ተባልኩ። መልሱን ሳልጀምረው የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትውሉት። ማታ ወገብሽን ግድግዳ አስደግፈሽ ስትቀመጪ እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ማን ሊነግረኝ? ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ስትሠሩ አንድ ካርቶን በምን ያህል ጊዜ እንደምትሞሉ እለካለሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ከፍ ይላል፣ በየመሃሉ ትንሽ ዕረፍት ይገባል፣ እንደገና እለካለሁ። ልዩነቱን አሳይቼ ሴቶቹ ሲመቻቸው ሥራውም ይቀናል እላለሁ።

ያን የመለካት ሳምንት አንቺም አትረሺውም። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ሰዓቴን ይዤ ከኋላችሁ ቆሜያለሁ። አንቺ እንደማታውቂኝ ሆነሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኛል፤ ትከሻሽ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሁላችሁም ትስቁ ነበር። እኔ ሞኟ ደስ ብሏችሁ መስሎኝ አብሬ እስቃለሁ። እጃችሁ አይታይም። ብስኩቱ ገና ከማሽኑ ሲመጣ ፓኮ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ውሃ የጠጣ የለም፣ ሽንት ቤት የሄደ የለም። ያቺ «ፊሽካ» የምትሏት አለቃችሁ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ድምጿ አልተሰማም፤ ምን ብላ ትጩህ? እንዲህ የሚሠሩ ሴቶች ባሉበት ክፍል ሥራው በምን ይጓተታል ብዬ ተገርሜያለሁ። ተገርሜም ያየሁትን ጻፍኩ።

የጥናቱን የመጀመሪያ ግማሽ ሳስረክብ ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን አልጠበቀም። ስለ ጠረጴዛው የጻፍኩትን ገልጦም አላየው። ዓይኑ ያረፈው ካርቶኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ የሚናገረው ገጽ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ መሥራት እየቻሉ እስከ ዛሬ ሲያሞኙን ኖረዋል አለ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳችሁ ላይ ያ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከእንግዲህ የእያንዳንዷ ኮታ ይህ ነው፣ ያልደረሰች ይቆረጥባታል፣ ደጋግማ ያልደረሰች ትሰናበታለች። ከግርጌው «በኮሌጁ ጥናት መሠረት» ይላል። በእኔ ጥናት መሠረት ማለት ነው፣ እትዬ።

ጉዱን የነገረችኝ ካንቺ ጎን የምትቆመው ረጅሟ ሴት ናት። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያዘችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁሉንም ሰብስበሽ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ማርኳ በእኛ እጅ ነው፣ አደራ እንዳታሳፍሩኝ ብለሽ ለምነሻቸው ነበር። በማለዳ ገብታችሁ የሞላችሁትን ፓኮ ጠረጴዛው ሥር በጨርቅ ሸፍናችሁ ታስቀምጡ ነበር፤ እኔ ፊቴን ዞር ሳደርግ ወደ ካርቶኑ ይገባል። እጃቸው የሚዘገየውን አሮጊቷን እማማን ደግሞ እንዳላያቸው ከካርቶን ክምር ጀርባ ወስዳችሁ ካርቶን ላይ ቀን የሚታተምበት ቦታ አስቀምጣችኋቸው ነበር። እኔ በተደነቅኩ ቁጥር እናንተ ትፈጥናላችሁ፣ እናንተ በፈጠናችሁ ቁጥር እኔ እደነቃለሁ።

እኔ እኮ ፈተና ላይ አልነበርኩም! ብትዘገዩ ማርኬ አይነካም ነበር። እንዲያውም የምፈልገው እንድትዘገዩ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ለምን አልጠየቅሽኝም? በዚያ ሳምንት እኮ የማድረው አንቺው ቤት ነበር። እግርሽን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ እንዴት ነን፣ ጎበዞች ነን ወይ ስትዪኝ፣ እኔም ጉድ ናችሁ ስልሽ፣ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት? ለእኔ ስትዪ የማታደርጊው ነገር የለም፤ የምትነግሪኝ ነገር ደግሞ የለም። የምቀየምሽ በዚህ ነው።

ይህን እንደሰማሁ መምህሬ ዘንድ ሮጥኩ። ልኬቱ ልክ አይደለም፣ ሴቶቹ ለእኔ ሲሉ ነው የፈጠኑት አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ምርምር ውስጥ ዘመድ አይገባም አለኝ። እሱ ይህን ሲል ዘመዴ ከገባች ከርማለች። ቀጠለና፣ መረጃው ውሸት ከሆነ መመረቂያ የለሽም፣ ፋብሪካውም ተቀይሞ በሩን ይዘጋብናል፣ ከኋላሽ ያሉት ተማሪዎች የት ይሂዱ አለኝ። ሽንጤን ገትሬ ስለተከራከርኩ በመጨረሻ ለአንድ ቀን ብቻ እንደገና እንድለካ ፈቃድ አመጣልኝ።

ያኔ ነው በረጅሟ ሴት በኩል የላክሁባችሁ። በእናታችሁ፣ እንደ ሁልጊዜው ሥሩ፣ ሲደክማችሁ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ አውሩ ብዬ። እሺ ብላችሁኝ ነበር። በዕለቱ ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። ውሃ የጠጣ አልነበረም። ከመጀመሪያውም ይበልጥ ፈጠናችሁ። ፊት ለእኔ ብላችሁ ነበር፣ አሁን እሱን ፈርታችሁ፤ ሰዓቴ ይህን ለይቶ አያውቅም። አንቺን በግራ እጅሽ ስትሠሪ አየሁሽ። የቀኝ እጅሽ አንጓ በሻሽ ተጠቅልሎ እጅጌሽ ወርዶበታል። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። እኔም ያንቺን ካርቶን እንደ ማንኛዋም ሴት ካርቶን ለክቼ ጻፍኩ። 

ከዚያ ደግሞ፣ ዝም ብለሽ አቅርቢ፣ ልፋታችንን ከንቱ አታድርጊው ብለሽ ላክሽብኝ። አላደረግኩትም። ፈታኞቹ ፊት ቆሜ ይህ ቁጥር እውነት አይደለም፣ እንዳትቀበሉት አልኩ። ለምን እንደሆነም ከጨርቁ ሥር ካለው ፓኮ ጀምሬ ተናገርኩ። አንደኛው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ተጋብዞ ፊት ተቀምጦ ነበርና በትሕትና እጁን አወጣ። ጥናቱ ቢሰረዝም ቅር አይለንም፣ ኮታው አሁን እየተሟላ ስለሆነ ወረቀቱ ብዙም አያስፈልገንም አለ። በዚህ አበቃ። ጥናቴ ወደቀ፣ ኮታው ግድግዳው ላይ ቀረ። ስለዚህ ለምረቃዬ ብለሽ ልብስ እንዳታሰፊ። ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሽውን እንዴት እንደምትመልሺው አላውቅም፤ አንቺ እንደሆነ መላ አታጪም። ዶርሙንም ልቀቂ ተብያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ፋብሪካው በር ላይ የማሸጊያ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ገብቼ ተመዘገብኩ። ፊሽካ አላወቀችኝም፤ ያለ ነጭ ጋዋን ማን ያውቀኛል? ሰው የለበሰው ሽርጥ ሰጠችኝ። ኪሱ ተቀዶ ተሰፍቷል። ጣቴን ሰድጄ ስዳስሰው በድርብ ክር የተሰፋ ነው፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል። እንዲህ የሚሰፋ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ የትምህርት ቤት ልብሴ ሁሉ በዚህ ስፌት ነው ያለቀው። ረጅሟ ሴት ከጎኔ ቆማለች። የተሰጠኝ ቦታ አንቺ ትቆሚበት የነበረው ነው።

ዝቼ ነበር የገባሁት። በሰው ፍጥነት እሠራለሁ፣ ሲደክመኝ እቆማለሁ፣ ሲጠማኝ እጠጣለሁ፣ ከፈለጉ ያባርሩኝ ብዬ። ከዚያ የፊሽካ ጫማ ከኋላዬ ተሰማኝ። ፈጠንኩ። ማንም ሳይቆጣኝ፣ ሰዓት የያዘ ሰው ሳይኖር እጄ በራሱ ፈጠነ። ውሃም አልጠጣሁም። ኮታዬን ሞልቼ ነው የወጣሁት፣ እትዬ። መንገድ ላይ እየሄድኩ አለቀስኩ።

ይህን ስጽፍ ቅያሜዬ ይወጣልኛል ብዬ ነበር፤ አልወጣልኝም። ቢሆንም ቅዳሜ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ፣ ከአልጋሽ ጥግ ታካፍዪኛለሽ። ዛሬም ማለዳ ማለዳ፣ ሥራ እንዳለሽ ሁሉ፣ ምሳሽን ቋጥረሽ ከቤት እንደምትወጪ ጎረቤትሽ ነግራኛለች።

ፈጣሪ እጅሽን ይማርልሽ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የሰው ፊት አያሳይሽ። ለእኔ ያሰብሽልኝን ሁሉ ለራስሽ ያድርግልሽ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው፤ ከእንግዲህ በማለዳ አትውጪ፣ ተኝተሽ አርፍጂ። ምሳውን እኔ ይዤው እሄዳለሁ።

ታናሽሽ