ሃያ ሦስት ከመቶ

ጥቅምት 4

ዛሬ ተማሪ ሆንኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስምንቱንም ወር ልጄን ሳርም ከረምኩ። ባለፈው የገበያ ዝርዝሯን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ከሰጠኋት በማግስቱ የኮሌጅ መመዝገቢያ ቅጽ ይዛ መጣች። “እማ፣ በፈጠረሽ፣ የምታርሚው ሌላ ነገር ፈልጊ።” ክፍት የነበሩት ሁለት የአጭር ጊዜ ኮርሶች ናቸው። የፀጉር ሥራ፣ እና “ማኅበራዊ ሚዲያና የግል ድረ ገጽ ግንባታ”። ለሰው ፀጉር አዘንኩና ሁለተኛውን መረጥኩ።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ “ለጊዜው አይሠራም” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል... የትኛው ጊዜ ይሆን?

ስገባ ሠላሳ ሦስቱ ልጆች ዝም አሉ። አስተማሪዋ መስያቸው ነው። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል። እውነተኛው አስተማሪ አሥራ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ገባ። “ማዘር፣ ክፍል ተሳሳቱ እንዴ?” ተመዝግቤ ነው አልኩት። “በጣም አሪፍ!” አለ። ስሙን ነግሮናል። እኔ ግን እዚህ ደብተር ላይ ኮፍያው እለዋለሁ።

ጥቅምት 6

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ጥፍር የማንኪያ ያህል ይረዝማል። በዚያ ጥፍር በሁለት አውራ ጣት የምትጽፈውን እኔ በአሥር ጣት አልደርስበትም። ባለጥፍሯ ብያታለሁ።

ፓስወርድ ፍጠሩ ተባለ። ፈጠርኩ፣ ደብተሬ ላይ ከነቀኑ መዘገብኩ።

“እትዬ! ፓስወርድ እኮ አይጻፍም!”

“ታዲያ የት ይቀመጣል?”

“ጭንቅላትዎ ውስጥ።”

እኔ ይህን ለሌላ ሰው ስናገር ኖሬአለሁ። ለራስ ሲነገር እንደዚህ እንደሚያናድድ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 13

ኮፍያው፣ “ሌላ ሰው ጋ የሌለ፣ እናንተ ጋ ብቻ ያለ ነገር አምጡ። ድረ ገጻችሁ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው” አለ። ስድስቱ ልጆች ሜካፕ መረጡ። አምስቱ የጡንቻ ስፖርት። አንዱ ድመቱን። እነዚህ ሌላ ሰው ጋ የሉም ማለት ነው?

ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሠላሳ ስድስት መዝገብ። በየዓመቱ ውጤት ለቢሮ ካስረከብኩ በኋላ ለራሴ እየገለበጥኩ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ስም፣ ውጤት፣ ደረጃ፣ የመምህር አስተያየት። አንድ ሥርዝ ድልዝ የለባቸውም።

ይህ ማን ጋ አለ? ማንም ጋ።

ጥቅምት 15

የደም ግፊት ኪኒኔን ላመጣ ሄድኩ። እንደ ወትሮው መድኃኒት ቤቱ ሰው በሰው ነው። ፋርማሲስቱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ መድኃኒቴን የሚሰጠኝ እሱ ነው። እኔም እንደ ወትሮው ለተሰለፈው ሰው ነገርኩ። “የኔ ተማሪ ነው። ሒሳብ ሃያ ሦስት አመጣ፣ ክፍል አስደገምኩት፣ በዓመቱ ሰማንያ አንድ አመጣ!” እሱም እንደ ወትሮው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ትሑት ልጅ ነው። ልጅ አልኩ... ሃምሳ ሊሞላው ነው።

ጥቅምት 18

ዕቅድ አወጣሁ። መዝገቦቹን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሬ ድረ ገጼ ላይ አወጣለሁ። በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ መዝገብ፣ በዓመቱ ቅደም ተከተል። መዝለል የለም። ሠላሳ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ልጄ አየችና፣ “እማ፣ ሰዎቹ ግን ምን ይላሉ?” አለች።

“ምን ይላሉ? ያመጡት ውጤት ነው።”

“እሱማ...” አለችና ተወችው። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መተው የእሷ ዘመን ሰዎች አመል ነው።

ጥቅምት 25

የመጀመሪያው መዝገብ ወጣ። ጎብኚ፦ ሦስት። እኔ፣ ልጄና ባለጥፍሯ።

ኮፍያው ግማሹ ነጥብ በጎብኚ ብዛት ነው ብሏል። በሰው ብዛት ነጥብ መስጠት! እኔ ብሆን... እኔ ግን አይደለሁም። ባለጥፍሯ፣ “ሼር አይደረግም እንዴ እትዬ? ለማን እያስቀመጡት ነው?” አለችኝ። የሰፈራችን የጋራ ገጽ ውስጥ አስገባችኝ። ዘጠኝ ሺህ ሰው አለበት። የሚነጋገሩት በአብዛኛው ስለጠፋ ውኃና ስለጠፉ ውሾች ነው።

ኅዳር 2

ሁለተኛው መዝገብ ወጣ። በጋራው ገጽ ላይም ለጠፍኩት።

ኅዳር 4

አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጎብኚ!

ኮፍያው ገጼን ግድግዳው ላይ አብርቶ አሳየ። “ማዘር ቀወጡት!” ክፍሉ አጨበጨበ። ከሠላሳ አራት ተማሪ አንደኛ። ሁለተኛ የወጣው ድመቱ ነው፣ በስድስት መቶ። ከፎቁ ስወርድ ጉልበቴ አልታወቀኝም።

ቤት ስገባ ለምን እንደመጡ ለማየት አስተያየቶቹን ከፈትኩ። ለእኔ አልመጡም ለካ። አንድ ሰው ከመዝገቡ አንዷን መስመር ቆርጦ፣ በቀይ ከቦ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቶ ጎን ለጥፏታል። የፋርማሲስቱ ሙሉ ስም። ሒሳብ 23። ደረጃ 58ኛ ከ61። አስተያየት፦ “ቁጥር ፊት ሲቆም ይደነግጣል።”

“ኪኒኔ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አሁን ገባኝ።” “በቀን ሦስት ጊዜ ሲል ስንት ማለቱ ነው?” እንዲህ እንዲህ ያለ ቀልድ... ሁለት መቶ ይሆናል።

መልስ ጻፍኩ። “ይህ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት 81 አምጥቷል። መዝገቡ በተራው ማክሰኞ ይወጣል።” ነገሩ በዚህ ይዘጋል።

ኅዳር 5

አልተዘጋም።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ። አንደኛው ሽማግሌ ኪኒናቸውን ባንኮኒው ላይ አፍስሰው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። “ለነገሩ ነው ልጄ፣ አይክፋህ” እያሉ። ፋርማሲስቱ እጁን አጣምሮ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ረዳቱ እኔን ስታይ ጓዳ ገባች።

ሁለቱም ደንበኞች እስኪወጡ ጠበቀ።

“ቲቸር፣ ያ ነገር እንዲወርድልኝ ነበር።”

“አይዞህ፣ ማክሰኞ ሰማንያ አንድህ ይወጣል።”

“ማክሰኞ?”

“በተራው ነው የማወጣው።”

ሽማግሌው ኪኒን ያፈሰሱበትን ባንኮኒ በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ሳይጨምር ነገረኝ። ጠዋት አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጅ አዝላ መጥታ ነበር። ሽሮፕ ሰጣት፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ ጻፈላት። አንብባ ጠርሙሱን መለሰችለት። ‘ሌላ ቦታ ልጠይቅ’ ብላ ባዶ እጇን ወጣች። “የሚቀርበው መድኃኒት ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ነው ቲቸር። ልጁ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።”

እኔ ምን አልኩ? “ማክሰኞ እኮ ሩቅ አይደለም” አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ለልጄ ነገርኳት። “እማ፣ ሥራው እኮ ቁጥር ነው! ሰው ቁጥሩን ካላመነው ምን ይቀረዋል? መዝገብ ባቡር አይደለም፣ ዝለዪው!”

ዘለልኩ። ሦስተኛውን መዝገብ ዛሬውኑ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት።

የለም።

በማስመሪያ እየለካሁ መስመር በመስመር ሄድኩ። ሁለት ጊዜ። ስሙ የለም። ሰማንያ አንድ ያመጣች አንዲት ሴት ልጅ ብቻ አለች። ወደ ሁለተኛው ተመለስኩ። ከስሙ በስተቀኝ፣ ጠባቧ ዓምድ ውስጥ፣ በእርሳስ፦ “ለቆ ሄደ።” የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገረው የኖርኩት ከየት መጣ? እሱ እያለ። በእሱ ደንበኞች ፊት። ለምን ዝም አለኝ?

ኅዳር 6

ሁሉንም አወረድኩ። የእሱን መስመር ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም መዝገብ። የሌሎቹንስ ማን ፈቀደልኝ? ልጄ “እሱማ...” ብላ የተወችው ይህን ነበር ለካ። ባለጥፍሯ በስልክ እየመራች አስወረደችኝ። መጨረሻ ላይ፣ “እትዬ፣ ሰው እጅ የገባው ስክሪንሾት ግን አይወርድም” አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ብቻውን መደርደሪያ ያስተካክላል።

“አልደገምክም” አልኩት።

“አልደገምኩም።”

“የት ሄድክ?”

“አክስቴ ጋ። ካርዱን እናቴ ሳታየው ቀደድኩትና እዚያ ልማር አልኳት። እዚያው ጨረስኩ።”

“ሒሳብ ማን አስተማረህ?”

“አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ። ስሳሳት፣ ‘የቱ ጋ ስትደርስ ነው የደነገጥከው?’ ይሉኝ ነበር። እዚያ ጋ እንመለሳለን።”

እኔም መደንገጡን አይቼ ነበር። አይቼ... ጻፍኩት። ከዚያ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

“ያ ሁሉ ዓመት እንዲያ ስቀባጥር ለምን ዝም አልከኝ?”

የመድኃኒት ካርቶን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። “ሰው ፊት ‘የኔ ተማሪ’ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር ቲቸር። ክፍል ውስጥ እያለሁ ብለውኝ አያውቁም።”

ኪኒኔን ሳልወስድ ወጣሁ። ረስቼ ነው።

ኅዳር 11

ኮፍያው ገጼን ከፍቶ ባዶ አገኘ። “ማዘር፣ ምን ነካዎት? ቁጥሩ ከሌለ እኮ ነጥብ መስጠት አልችልም!” ምክንያቱን ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ፀጉር አለው ለካ። “ይገባኛል... ግን መመሪያው ነው።” ልክ ነው፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ኅዳር 14

እርማት እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ አራት ገጽ፣ አሥራ ሰባት ተራ ቁጥር፣ አንድ ሠንጠረዥ። ልጄ አንብባ፣ “ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ የዓመት ዕቅድ?” አለች። ሁለተኛው ረቂቅ ሁለት ገጽ። ሦስተኛው ግማሽ ገጽ። ሠንጠረዡን ስሰርዝ አመመኝ።

ኅዳር 15

ከማውጣቴ በፊት ወሰድኩለት። የሚጻፈው ስለ እሱ ነው፣ መጀመሪያ ማየት ያለበት እሱ ነው። ይህን ለማወቅ ስልሳ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ፈጣን ተማሪ ነኝ።

ከነጭ ጋዋኑ ኪስ እስክሪብቶ አወጣ። “ውጤቱ ግን ያን ጊዜ ትክክል ነበር” የሚለውን ሰረዘ።

“ትክክል ነበር እኮ!”

“ነበር። እዚህ ምን ይሠራል?”

ምንም አይሠራም። ዝቅ ብሎ አንድ አንቀጽ ሙሉ ሰረዘ። ሰማንያ አንዱ የማን እንደሆነ ከነስሟ ያብራራሁበትን።

“እሷን ደግሞ ለምን አመጧት ቲቸር? ጠይቀዋታል?”

አልጠየቅኳትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ጥፋት ልደግም ነበር፣ በይቅርታ ደብዳቤ ላይ!

የቀረው አምስት መስመር ነው። “ያለ ፈቃዱ ስሙንና የልጅነት ውጤቱን አወጣሁ። ጥፋቴ ነው። ክፍል አስደግሜ አበቃሁት እያልኩ የኖርኩትም ሐሰት ነው። ያስተማረው ሌላ መምህር ነው። እኔ ሃያ ዓመት መድኃኒቴን ከእሱ እጅ ወስጃለሁ፣ አንድ ቀን ተሳስቶብኝ አያውቅም።” ስሜን ከነሥራዬ ከሥሩ ጻፍኩ። ቀልዱ በተቀለደበት በዚያው የሰፈር ገጽም ለጠፍኩት። በጠፋ ውኃና በጠፋ ውሻ መካከል።

ኅዳር 20

እርማቱን ያየው ሰው፦ ሁለት መቶ አሥር። ቀልዱን ያየው አራት ሺህ ነበር። ምን ጠብቄ ነበር? ከሁለት መቶ አሥሩ አንዱ፣ “እኚህ ሴትዮ ያስተማሩኝ ናቸው። ጥፋቴ ነው ሲሉ ዛሬ መስማቴ ነው” ብሎ ጽፏል። ሠላሳ ሰው ወዶለታል። እኔም ሠላሳ አንደኛ ሆኜ ወደድኩለት።

ታኅሣሥ 16

ኮርሱ አለቀ። ሃምሳ ሁለት አመጣሁ። የእርማቱ ጎብኚዎችም ተቆጥረዋል። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ድመቱ ዘጠና ሦስት።

ከሰርተፍኬቱ በኋላ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ሰው አለ። እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰባት ወይም ስምንት። ተሰለፍኩ። አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና፣ “እሱን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት አይደል?” አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞረ።

“አይደለሁም” አልኩ። “ሌላ ሰው ናቸው ያስተማሩት። እኔ እንደ እርስዎ ደንበኛ ነኝ።”

ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አየኝ። ከፊቱ ልጅ ያዘለች እናት ቆማለች... ያቺኛዋ ትሁን ሌላ አላውቅም። አልጠየቅኩም። ጠርሙሱን እያሳየ ነገራት።

“በቀን ሦስት ጊዜ፣ በዚህች መስፈሪያ አምስት ሚሊ። ለአምስት ቀን።”

ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

“እሺ” አለችው። ልጇን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች።