አፑ ስህተት ነው ያለው ቦታ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? «ውዴ» ብዬ እንዳልጀምር ሁለት ዓመት አኩርፋ ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች ትላለህ። በስምህ እንዳልጀምር ደግሞ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል። ስለዚህ ለጊዜው የልጄ አባት ሁን። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናውን ስረግጥ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። «ነገ እጠግነዋለሁ» ያልከው የጓዳው በርም አሁን ድረስ ነገን እየጠበቀ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። በስልክ ሳወራህ ነገሩን ገና ሳልጀምረው «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ትለኛለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኟ ሁለት ዓመት ይዤው የከረምኩት ነገር አለ፤ ዛሬ ለወረቀቱ ላስረክበውና ልረፍ።

ነገሩ ያው ልጃችን ያዘዘችን ዘፈን ነው። «ለሰርጌ አንድ መድረክ ላይ አንቆምም ካላችሁ፣ ቢያንስ ድምፃችሁ አንድ ላይ ይቁም» ብላ ያንን የድምፅ መቅጃ አፕ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። አንተ ካለህበት ከተማ ጊታርህንና ድምፅህን ቀድተህ ልትልክ፣ እኔ በላዩ የኔን ልደርብ። አንተ እንደ ልማድህ በማግስቱ ላክኸው። እኔ እንደ ልማዴ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀሁ። ሰፈሩ «ሰከንዴ» ብሎ ያወጣልህ በከንቱ አይደለም። ሰዓት ሠሪ ሆነህ፣ ጊዜ ሁሉ እጅህ ላይ ተቀምጦ፣ እንዳንተ የሚቸኩል ሰው አላየሁም።

መጀመሪያ ቀን የሱቄን በር ዘግቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከተሰቀሉት ልብሶች መሀል ቆምኩ። ጊታርህ ገና ሲጀምር «ይኸው! ድሮም ይሄ ሰውዬ!» አልኩና አንድ ስንኝ እንኳ ሳልሞክር ፍጥነት መቀነሻውን ወደ ኋላ ሳብኩት። ወይ ጉድ! ድምፅህ ወርዶ ወርዶ ጉንፋን የያዘው በሬ ሆነ። ወደ ፊት ስገፋው ደግሞ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆነህ ቁጭ። ሳቄ አልቆም ብሎኝ፣ ለልክ የመጣች ደንበኛዬ በሩን አንኳኩታ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሕፃኑን ደጋግሜ ሰማሁት።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችውን ስልክ ጠጋኝ ታውቃታለህ፤ ያቺ ስታወራ መፍቻዋን በጥርሷ የምትነክሰው። ስልኩን ወሰድኩላት።

«እትዬ፣ የነካሽው ድምፁንም አብሮ የሚያወርደውን ነው። ቴምፖ የሚለው ሌላ ነው፤ እሱ ድምፁን ሳይነካ ምቱን ብቻ ያዘገያል» አለችኝ። ከዚያ ዘፈንህን ምት ቆጣሪው ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተደረደሩ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ምት ነው።

«ሰውየው ጎበዝ ናቸው! ያለ ቆጣሪ ተጫውተው በደቂቃ ዘጠና ሁለት ምት፣ ዝንፍ የለም። እዚህ እዚህ ጋ ብቻ ይዘገያሉ። አፑም ስህተት ነው ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ላስተካክለው?»

«አስተካክይው!» አልኳት። ሰከንዴ ተሳሳተ ሲባል እንዴት ደስ አይለኝ? አንድ ቦታ ጫን ስታደርግ ሁሉም መስመሩ ላይ ገብቶ ተሰለፈ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ አልነግርህም። መግቢያዬ ሲደርስ ትንፋሼን ሳልስብ ጊታሩ አልፎኝ ሄዷል። ወደ ሰማንያ አወረድኩት፣ አልሆነም። ወደ ሰባ አወረድኩት፣ ዘፈኑ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፣ እኔ ግን አሁንም ዘግይቻለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንኩ። በአራተኛው ከልብሶቹ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አረጀሁ፣ ድምፄ አለቀ፣ ለአንድ ልጄ ሰርግ አንድ ዘፈን እንኳ አቃተኝ ብዬ። «የአባትሽ ብቻ ይበቃሻል፣ እኔን ተይኝ» ልላት ስልኩን አንስቼ ነበር።

ሳልደውል ስልክ ጠጋኟ የተበጣጠሰ ዚፕ ይዛ ገባች። ዓይኔን አይታ ዚፑን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ስልኩን ተቀብላኝ ያስተካከለችውን ሁሉ ሰረዘችና «በይ እንደ መጀመሪያቸው እንሞክረው» አለች።

ዘፈንኩ። ገባሁ። ሁለተኛውም ላይ ገባሁ፣ ሦስተኛውም ላይ ገባሁ። ትንፋሼን የምስብበት ጊዜ እንኳ ተርፎኝ ነበር። ስንጨርስ ቆጠርናቸው። አፑ ስህተት ነው ያለው ቦታ አምስት ነው፣ አምስቱም የኔ መግቢያ ላይ ነው።

«እንዴ እትዬ፣ እየጠበቁሽ ነው እኮ!» አለች፤ መፍቻው ከጥርሷ ወደቀ።

እጄን በአፌ ጫንኩ። አንተ ሰው፣ ስትቀዳው እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበር? አንተና ጊታርህ ብቻ ናችሁ። እኔ በሌለሁበት እኔን ጠበቅከኝ። ለካ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነበር የምንዘፍነው፤ እኔ ግን «እሱ ይቸኩላል፣ እኔ ነኝ ልኩን የምጠብቀው» እያልኩ ለአገር ለምድሩ ሳወራ ኖርኩ። አንጀቴን በላኸው።

እንግዲህ ለወረቀቱ የማስረክበው ይኼ ነው። የዚያን ቀን፣ በጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ላይ ስንዘፍን፣ በማይክ «ፍጠኚ እንጂ፣ እንግዳው ሊሄድ ነው!» ብለህ አዳራሹ ሁሉ የሳቀብኝን ቀን አልረሳሁትም። ማይኩን ጥዬ ወጣሁ። በሳምንቱ አንተ «ለሦስት ወር ሥራ» ብለህ ሄድክ፣ ሦስቱ ወር ሁለት ዓመት ሆነ። ለጠየቀኝ ሁሉ «በአደባባይ አዋረደኝ» ብያለሁ። ያልነገርኩት ግን አለ። ሆን ብዬ ነበር የዘገየሁት። ጠዋት የተኮስኩልህን ሸሚዝ ትተህ ሌላ ስለለበስክ ተናድጄ፣ መግቢያዬ ሲደርስ ዝም አልኩህ። ያንኑ መልሰህ ተጫወትክና ጠበቅከኝ። አሁንም ዝም አልኩ፣ አሁንም መለስከው። ዓይን ዓይኔን እያየህ። ሦስተኛው ላይ ነው አፍህ ያመለጠህ። ማዋረዱስ አዋርደኸኛል፣ እሱን አልፍቅልህም። ጥፋቱን የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ዘፈኑ አልቋል። ሰኞ በአንድ ትንፋሽ ቀድቼው ስልኬ ላይ ተቀምጧል። ልጃችን ትናንት ደውላ «እማ፣ አለቀ ወይ?» ብትለኝ «እናትሽን አታውቂያትም? ገና ነው» አልኳት። አዎ፣ ዛሬም ሆን ብዬ ነው። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከ ዋዜማው ድረስ ካልመጣህ እልክላታለሁ፣ ከድምፅ ማጉያ ይሰሙታል። ከመጣህ ግን ማን ያስፈልገዋል?

ሱፍህን ቆርጬልሃለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ያ የምትወደው። በድሮው ልክህ ነው የቆረጥኩት፤ ከስተህ እንደሆነ ወፍረህ እንደሆነ የማውቀው የለኝም። አፑ ድምፅ ያረዝማል ያሳጥራል እንጂ ወገብ አይለካም፣ ስልክ ጠጋኟን ጠይቄያታለሁ። እጅጌውን ሳልገጥም ትቼዋለሁ። ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብለህ ለልክ መምጣት አለብህ። ሸሚዙንም ተኩሼዋለሁ። ልበሰው፣ አትልበሰው፣ እንደፈለግህ፤ አልናገርም።

ዓይንህን ለዚያ ጥቃቅን ሥራህ ያብራልህ። እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ መንገዱ ይቅናህ፣ ደጃችን በደህና ያድርስህ። እዚያ ማን እንደሚያበስልልህ አላውቅም፤ ማንም ቢሆን እግዜር ይስጠው፣ አሁን ግን ይበቃዋል።

ሠላሳ ዓመት «ቀስ በል» ስልህ ኖሬ አንድ ቀን ልገልብጠው፦ ፍጠን እንጂ፣ እንግዳው ሊመጣ ነው!

ሚስትህ