ቁጥር ሦስት ማን ጋ ነው?

ኅዳር 3

ገመድ አልባው ስልክ ዛሬ ተገጠመ። ደመቀ ነው አየር ጤና ካለው ሱቁ ይዞት የመጣው። አንድ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋና ማስቀመጫ፣ ሦስት እጀታ ከነቻርጀራቸው። ቁጥር አንድ ሰርቪስ ቤት አባዬ አልጋ ጋ፣ ቁጥር ሁለት እኔ ልብስ የምሰፋበት የበሩ ክፍል፣ ቁጥር ሦስት ሳሎን። ካርድ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ እርስ በርሱ ይጠራራል። ሞባይልማ ለአባዬ አልሆነውም። እጁ እየተንቀጠቀጠ የማያውቀው ሰው ጋ ይደውላል።

ገና ከመቀመጤ ጠራ።

"ማራኪ?"

"አቤት አባዬ!"

"ምንም… ልሞክረው ብዬ ነው።"

ደግሞ ሞከረው። ደግሞ። ሳቄ መጣ። እየጮኸ ከሚጠራኝ ይሻላል።

ኅዳር 9

የሳሎኑ ስልክ የለም። ቻርጀሩም አብሮ ሄዷል። ብርቱካንን ጠየቅኳት፤ ቤት የምታግዘን እሷ ብቻ ናት።

"እኔ ምን ላርገው እትዬ? ብቻውን ለማን ይሠራል?" አለችና አኮረፈች።

እውነቷን እኮ ነው… ታዲያ ማን? ሰሞኑን ከአባ ገብረወልድ በቀር ቤታችን የገባ የለም። የነፍስ አባታችንን ልጠርጥር? ምን ነካኝ!

ኅዳር 12

ምሳ ይዤ ስሄድ አባዬ ያወራል። በሩ ጋ ቆምኩ።

"የኔሰው እኮ…" ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሳቀ። ከልቡ።

ስገባ ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተተው።

"ከማን ጋር ነው?"

"ከራሴ ጋር።"

የኔሰው… ወንድሜ ከሞተ ስንት ዓመቱ! እዚህ ቤት ስሙ አይነሳም። እማዬም ሳታነሳው ነው የሞተችው። አባዬ ከሙታን ጋር ማውራት ጀመረ? መርሳት የሚሉት በሽታ እንዲህ ነው አጀማመሩ?

ኅዳር 13

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ቀኑን ጠየቀችው፣ ወሩን ጠየቀችው፣ ከመቶ ወደ ኋላ አስቆጠረችው። አንዱንም አልሳተም። "ከእኔም የተሻለ ነው የሚያስታውሱት" አለችኝ።

ታዲያ ምንድን ነው?

ኅዳር 16

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። አባዬ ምሳውን አልነካም።

"መብራት መቼ ነው የሚመጣው?" ይላል ደጋግሞ።

ክፍሉ ፀሐይ ሞልቶታል። ሬዲዮው የባትሪ ነው። መብራት ምን ያደርግለታል? ከሰዓት ሲመጣ ብዙም ሳይቆይ ሳቁ ተሰማ።

ሙታን መብራት ይፈልጋሉ እንዴ? ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው…

ኅዳር 17

ደመቀ ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

"እጀታዎቹ የሚገናኙት በዋናው ማስቀመጫ በኩል ነው" አለኝ። "መብራት ሲጠፋ እሱ ይሞታል፤ እነሱም ዝም ይላሉ።"

"የጠፋውስ? ሌባ ወስዶት ቢሆን?"

"ርቆ ከሄደ አይሠራም፣ ላስቲክ በይው። አንድ ሁለት ግድግዳ ቢሻገር ነው። ቁጥር ሦስት ላይ ደውይ። ከጠራ አጠገብሽ ነው ያለው።"

እስከ ሰፈራችን ሳንሱሲ ድረስ ታክሲ ውስጥ ይሄንኑ ሳስብ ነበር። በግራችን ባዶ ቦታ። በቀኛችን መንገድ። ከጀርባችን… የጋሽ ደግፌ ቤት።

አይሆንም።

ኅዳር 18

ሦስትን ተጫንኩ። ጠራ።

"እህ፣ ወልደሰንበት! ዛሬስ ቀደምከኝ!"

ጋሽ ደግፌ ነው። አባዬ የደወለ መስሎት። ድምፁን እንዴት እረሳዋለሁ? ዘጋሁት።

ወንድሜ በአደጋ የሞተ ቀን መኪናውን የነዳው የእሱ ልጅ ወንድዬ ነበር። የኔሰው አጠገቡ። ወንድዬ ተረፈ። ሽማግሌ ተላከ፣ እማዬ እምቢ አለች። እኔም ከእሷ ጋር። ለራሷ ለእማዬ ለቅሶ እነ ጋሽ ደግፌ ሲመጡ እንኳን ከበር የመለስኳቸው እኔ ነኝ። እና አባዬ…

እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ስልኩን ማን ወሰደለት?"

አልካደም። "አባ ገብረወልድ። በጋቢያቸው ሸፍነው። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ደግፌም እንደኔ አልጋ ይዟል።"

"ከእነሱ ጋር? አባዬ፣ ከእነሱ ጋር?"

"ልጄን ከማን ጋር ላንሳው?" አለኝ። "እናትሽ ስሙን ስጠራ ከክፍል ትወጣ ነበር። አንቺ ታለቅሻለሽ። ደግፌ ያውቀዋል። ግማሽ ዕድሜውን እሱ ቤት ነው የበላው።"



ኅዳር 20

ብርቱካንን ይቅርታ ጠየቅኳት። አባ ገብረወልድም መጡ። አኩርፌ ነበር የተቀበልኳቸው።

"ሰረቁኝ አይደል አባ?"

"አሻገሩ በይ እንጂ ልጄ" አሉ፣ መስቀላቸውን እየዘረጉልኝ። ተሳለምኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ኅዳር 23

ማስቀመጫውን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ለእማዬ ብዬ።

አባዬ ቁልፉን ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። በመስኮት እያየሁት ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መልሼ ሰካሁት። እማዬን ከዳኋት ማለት ነው? እሷ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔ እንጃ…

ኅዳር 29

ቁጥር ሦስት እኔ ጋ ጠራ። መጀመሪያ አባዬን ፈልጎ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ደግፌ አልነበረም።

"ማራኪ… ወንድዬ ነኝ። አትዝጊው።"

ከአደጋው በኋላ ከተማውን ለቆ ነበር። አባቱን ሊያስታምም ነው አሁን የተመለሰው። ልዘጋው ጣቴን አስጠጋሁ።

"የኔሰው ያን ቀን አንቺ የሰፋሽለትን ሱሪ ለብሶ ነበር" አለ። "አንዱ እግሩ ያጠረውን። ሳቅኩበት። 'እህቴ ናት የሰፋችው፣ ገና ስትማር' አለኝ። 'ቆይ፣ አገሩ ሁሉ አንድ እግሩን አሳጥሮ ሲለብስ ታያለህ።' እንደዚያ እየሳቅን ነበር… ልነግርሽ ስፈልግ ኖርኩ።"

የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር ያ ሱሪ። ያፈረብኝ፣ የጣለው መስሎኝ ነበር እስከ ዛሬ። ድንገት ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያ ማዶ ወንድዬ ያለቅሳል። እኔ እስቃለሁ።

ይቅር አልኩት? አላውቅም። ብቻ ስልኩን አልዘጋሁትም። እንደያዝኩት ግቢውን ተሻግሬ አባዬ ጋ ገባሁ።

"ማን ነው?" አለኝ።

"ወንድዬ። ስለ የኔሰው እያወራን ነው።"

ፊቴን አየኝ። እንባ እየፈለገ መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

"ነይ ቁጭ በይ። እኔም ልስማ።"