አውራ ጎዳናው ቢሻር ልጄ ምን አጠፋ?

ለክቡር የክፍለ ሀገሩ የመንገዶችና የመዛግብት መምሪያ ኃላፊ
ካናዳ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ብርዱስ በርትቶብዎት ይሆን? በላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር የምኖር፣ በካዚኖ ሆቴል አልጋ የማነጥፍ አስካል ንጉሤ ነኝ፤ በዚህ የበረሃ ቃጠሎ ውስጥ ሆኜም ደህንነትዎን ስመኝ ከልቤ ነው።

በቅድሚያ ስላስተማሩኝ ታሪክ አመሰግናለሁ። የልጄን የኤልሳዕን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ብጠይቅዎ፣ የተወለደበት አውራ ጎዳና ቁጥር 93 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ቁጥር እንደተሰጠው፣ በ1998 ለወረዳው ተላልፎ ቁጥሩ እንደተነሳበት፣ ስለዚህም «እንዲህ ያለ ቦታ በመዝገባችን የለም» ሲሉ በሁለት ገጽ ገልጸውልኛል። በእኛ ቋንቋ ይህ ተሾመ፣ ተሻረ ይባላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ምስኪኑ መንገድ ግን ስልሳ ዓመት ተሹሞ አስፋልት እንኳ አልቀመሰም።

ይሁንና ጥቂት ቅሬታ አለኝ፦

1. በጃንዋሪ 1986 በረዶ ይዞን ልጄ መኪና ውስጥ ሲወለድ መንገዱ ገና ሥልጣን ላይ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ የት ተወለደ ብትለኝ፣ ካናዳ በስደት ከገባሁ ገና አራት ወር ነበርና ከእንግሊዝኛ የማውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ታፔላው ላይ ያየሁትን ጻፍኩላት። ጥፋቴ ይኸው ነው።

2. እዚህ ያሉት የኢሚግሬሽን ሰዎች የመኖሪያ ፈቃዱን ለማደስ እስከ ወሩ መጨረሻ ወረቀቱን ከካናዳ ያምጣ ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ በአካል ይቅረብ ይላሉ። ፈቃዱ ስላለፈበት ከወጣ አይመለስም፣ ከተቀመጠ ሥራ የለውም፤ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ያለው መጋዘን ሺፍቱን ለሌላ ሰጥቶበታል። በሰጡን ምርጫ ስፋት እጅግ ተደስተናል።

3. ደብዳቤዎን ካነበበ ወዲህ ልጄ ከሶፋው አልነሳ ብሏል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ትናንት «ማሚ፣ እኔንም ካንስል አደረጉኝ?» አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የምለምንዎ አንዲት መስመር ናት፤ ይህ መንገድ ነበረ ብለው ይጻፉልኝ። አለ እንዲሉ አላስቸግርዎትም።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ፊርማዎን ያለምልምልዎ፣ ከመሻርም ይሰውርዎ እያልኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የኤልሳዕ እናት አስካል ንጉሤ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። የላኩልኝ ፖስታ ላይ የቢሮዎ አድራሻ «አውራ ጎዳና ቁጥር 93» ተብሎ ታትሟልና፣ ወደሌለ ቦታ ደብዳቤ እንዴት እንደሚላክ ስላላወቅሁ ነው።